ሥራ ከመልቀቃችሁ በፊት የቀን ዋጋችሁን አስሉ

ቲክቶክ ከፍታችሁ አሥር ደቂቃ ብትቆዩ ቢያንስ አንድ ሰው "ደመወዝ ጠባቂ አትሁኑ፣ የራሳችሁን ጀምሩ" ብሎ ይመክራችኋል። ማታ ቤት ስትገቡ ደግሞ እናት ወይም አጎት "ሥራው ግን ቋሚ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። አንዱ ዛሬውኑ ልቀቁ ይላል፤ ሌላው የያዛችሁትን እንዳትለቁ ይላል። ሁለቱም ለእኛ አስበው ሊሆን ይችላል። ሒሳቡን ግን ሁለቱም አልሠሩትም።

"ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?" ሲባል ሁሉም ስለ ድፍረት ያወራል። እኔ ግን ከድፍረት በፊት የሚመጣው ዋጋ ነው ባይ ነኝ። አንድ ቀን ስትሠሩ ስንት ማስከፈል አለባችሁ? ያንን የሚከፍል ሰውስ አግኝታችኋል? የራሳቸውን ሥራ ጀምረው ወደ ቅጥር ከሚመለሱ ልጆች መካከል ሥራ ያጡ አሉ። ሥራ ሞልቷቸው፣ ሌሊት ሁሉ እየሠሩ፣ ብሩ የት እንደገባ ሳይገባቸው የሚመለሱም አሉ። ይሄ ጽሑፍ በተለይ ለነሱ ነው።

ደመወዛችሁ በትክክል ስንት ነው?

ምሳሌ እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ተቀጥራ የምትሠራ ግራፊክ ዲዛይነር አለች፤ ያልተጣራ ደመወዟ 15,000 ብር ነው እንበል። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ በደረጃ እያደገ ሄዶ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። በዚህ ስሌት ከ15,000 ብሩ 3,200 ብር ግብር ይቆረጣል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ደግሞ 1,050 ብር ነው። እጇ የሚገባው 10,750 ብር ይሆናል።

ልጅቷ "ደመወዝሽ ስንት ነው?" ስትባል "አሥር ሺ ምናምን" ትላለች። አሠሪዋ ግን ለእሷ የሚያወጣው ከዚያ በላይ ነው። ከ15,000 ብሩ ላይ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,650 ብር፣ በስሟ ለጡረታ ይከፍላል። ይሄ ፔይሮል ላይ ብታየውም ኪሷ ገብቶ ስለማያውቅ እንደ ገቢ አትቆጥረውም። ስለዚህ ወርሃዊ ወጪው 16,650 ብር ነው፤ በዓመት 199,800 ብር።

በገንዘብ ያልተጻፈ ሌላም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አላት። ብትታመም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈላታል፤ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ። ብትወልድ 30 የሥራ ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 የሥራ ቀን ከወሊድ በኋላ ከነደመወዟ ታርፋለች። ላፕቶፑ የድርጅቱ ነው፤ ኢንተርኔቱም እንደዚያው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳው ሌላ ሰው ነው። ባንክ የደመወዝ ማረጋገጫ ሲጠይቅ ደብዳቤ ታጽፋለች። ጓደኛዋ ሥራ ሲያገኝና ዋስ ሲፈልግ የምትፈርመው እሷ ናት።

ኢኮኖሚክስ ክፍል "ኦፖርቹኒቲ ኮስት" ይሉታል፦ አንዱን ስትመርጡ ጥላችሁት የምትሄዱት ነገር ዋጋ። ይቺ ልጅ ሥራ ብትለቅ የምትተወው 10,750 ብር ብቻ አይደለም፤ ከላይ የዘረዘርኩትን በሙሉ ነው። ይሄ ማለት አትልቀቅ ማለት አይደለም። የምትለቀውን ነገር ዋጋ አውቃ ትልቀቅ ነው።

በ22 ማካፈል

አሁን ልጅቷ ሥራ ለቃ የራሷን ጀመረች እንበል። የመጀመሪያው ደንበኛ "ለሎጎ ስንት ነው?" ይላታል። ምን ታስባለች? አብዛኞቻችን የምናስበውን። 15,000 ብርን ለ22 የሥራ ቀን ታካፍላለች፤ 682 ብር ይመጣል። "በቃ በቀን 700 ብር ካገኘሁ እንደ ደመወዜ ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል" ትላለች። ሎጎው ሁለት ቀን ስለሚፈጅ 1,400 ብር ትጠራለች። ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል። ደስ የሚለው ምክንያት አለው።

ችግሩ ያለው 22 ላይ ነው። ተቀጣሪ በወር 22 ቀን ይከፈለዋል። ስብሰባ ቢቀመጥ፣ ትራፊክ ቢይዘው፣ ሥራ ጠፍቶ ስልኩን ሲነካካ ቢውል ያው ይከፈለዋል። የራሱን የሚሠራ ሰው ግን የሚከፈለው ደንበኛ ላዘዘው ቀን ብቻ ነው። እስቲ ዓመቱን እንቁጠረው። በሳምንት 5 ቀን ብትሠራ በዓመት 260 ቀን ነው። የዓመት ፈቃዷን ያህል 16 ቀን ትረፍ። በሥራ ቀን የሚውሉ በዓላትን 10 እንበል። ለሕመም 4 ቀን እንያዝ። 230 ቀን ይቀራል።

ከ230ውስ ስንቱን ታስከፍላለች? ሥራ ፍለጋ መዞር አለ፣ ዋጋ ማቅረብ አለ፣ ከደንበኛ ጋር መገናኘት አለ፣ ክፍያ ማሳደድ አለ፣ ግብር ቢሮ ወረፋ አለ። ከጊዜዋ 60 በመቶውን በሚከፈል ሥራ ካሳለፈች ለጀማሪ መጥፎ አይደለም እላለሁ። ይሄ የእኔ ግምት ነው፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። 60 በመቶ ማለት 138 ቀን ነው።

ወጪውም አሁን የራሷ ሆኗል። ኢንተርኔት 1,200፣ ትራንስፖርት 1,500፣ የሞባይል ካርድና ፕሪንት 800 እንበል። ላፕቶፕም ያረጃል፤ 60,000 ብር የተገዛ ላፕቶፕ 40 ወር ቢያገለግል በየወሩ 1,500 ብር እየበላ ነው ማለት ነው። ድምሩ በወር 5,000፣ በዓመት 60,000 ብር።

አሁን በቀን 700 ብር የሚለውን ዋጋ እንፈትነው። 138 ቀን በ700 ሲባዛ 96,600 ብር። 60,000 ብር ወጪ ሲቀነስ 36,600 ብር። ለ12 ወር ሲካፈል በወር 3,050 ብር! ያውም ግብር ሳይነካው፣ ጡረታም ሳይኖረው። በየወሩ 10,750 ብር እጇ ይገባ የነበረች ልጅ፣ ያው ሙያ፣ ያው ጉብዝና፣ ምናልባትም የበለጠ ድካም።

ወደ ኋላ ሄደን ትክክለኛውን ዋጋ እንፈልግ። አሠሪዋ ያወጣ የነበረው 199,800 ብር ሲደመር ወጪዋ 60,000 ብር 259,800 ብር ነው። ለ138 ቀን ሲካፈል በቀን 1,880 ብር ገደማ ይሆናል። የሁለት ቀን ሎጎ ማለት ወደ 3,760 ብር ነው። በ22 አካፍላ ካወጣችው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ይሄ ደግሞ የማትረፊያ ዋጋ አይደለም፤ ቅጥር ላይ እያለች ከነበረችበት እንዳትወርድ የሚያደርግ ዋጋ ነው። "ፍሪላንሰሮች ዋጋቸው ውድ ነው" የሚል ሰው ስትሰሙ ይሄን ሒሳብ አሳዩት።

"ለአንቺ እኮ ሁለት ደቂቃ ነው"

ዋጋውን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መጥራት ሌላ። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ብዙውን ጊዜ ዘመድ፣ የድሮ ክፍል ጓደኛ፣ የጎረቤት ልጅ ናቸው። "ለአንቺ እኮ ሁለት ደቂቃ ነው"፣ "አሁን በዚህ ሥሪልኝ፣ ደንበኛ አመጣልሻለሁ" ይላሉ። እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ባህላችንም አያግዝም። የሚሻለው ዋጋውን ሙሉ ጽፎ ቅናሹን ለብቻው ማሳየት ነው፦ "ዋጋው 3,760፣ ለአንተ የተደረገ ቅናሽ 760፣ የሚከፈል 3,000"። ሰውየው የተደረገለትን ያያል። ጓደኛውን ሲልክም "3,000 ነው የምትሠራው" ብሎ አይልክም።

ከዚያ ቀብድ። ቤት ስንከራይ ቀብድ እንሰጣለን፣ ልብስ ስናሰፋ ቀብድ እንከፍላለን፤ ለዲዛይን፣ ለቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ለትርጉም ሥራ ግን ቀብድ መጠየቅ እናፍራለን። ግማሹን ሳይቀበሉ መጀመር ማለት ለደንበኛው ያለ ወለድ ማበደር ነው። ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ የመጨረሻው ፋይል ከመላኩ በፊት። ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደሚፈቀድም በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ ሁለት ጊዜ። "ትንሽ ብቻ አስተካክይልኝ" ሦስት ቀን የሚበላው ቁጥር ስለሌለው ነው። ውል ማለት የግድ አሥር ገጽ አይደለም፤ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ስንት እንደሆነና እንዴት እንደሚከፈል የያዘ አንድ ገጽ ለትንሽ ሥራ ይበቃል።

ከትልልቅ ድርጅቶች ጋር ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ዋጋው ጥሩ ነው፤ ክፍያው ግን ይዘገያል። "ፋይናንስ ገብቷል"፣ "ፈራሚው መስክ ወጥቷል"፣ "ከበዓል በኋላ ደውይ"። ሥራው በመስከረም አልቆ ብሩ በኅዳር ሊገባ ይችላል። በወረቀት ላይ ሀብታም ሆኖ ለታክሲ መበደር የሚመጣው በዚህ ነው። ስለዚህ ትልቅ ድርጅት ስትይዙ ፈጥነው የሚከፍሉ ሁለት ሦስት ትንንሽ ደንበኞችም ጎን ለጎን ይኑሯችሁ።

ደረሰኝ የሌለው ሰው

ጥሩ ዋጋ የሚከፍሉ ድርጅቶች ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ ደረሰኝ። ደረሰኝ ለመስጠት ደግሞ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ያው ቲን የምንለው፣ እና የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ድርጅቶቹ ከሚከፍሏችሁ ላይ "ዊዝሆልዲንግ" የሚባለውን ቅድመ ግብር ቆርጠው ያስቀራሉ፤ ቲንና ፈቃድ ለማያቀርብ ሰው የሚቆረጠው በጣም ይበዛል። የተቆረጠበትን ወረቀት ጠይቃችሁ ያዙ፤ የዓመቱ ግብር ሲሰላ የሚታሰብላችሁ በሱ ነው።

ብዙ ልጆች ፈቃድ የማያወጡት ግብር ፈርተው ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ያለ ደረሰኝ የሚሠራ ሰው የሚቀሩለት ደንበኞች ደረሰኝ የማይፈልጉት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ የሚከፍሉት ናቸው። በቀን 1,880 ብር ለማስከፈል ከዚያ ገበያ መውጣት ያስፈልጋል። ምዝገባው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ባዘጋጀው "ኢትሬድ" በሚባለው ድረ ገጽ በኦንላይን መጀመር ይቻላል። በግል ስም የተወጣ ፈቃድ ከሆነ የሥራው ዕዳ የእናንተም ዕዳ መሆኑን አትርሱ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ሥራው ሲያድግ ልታስቡበት ትችላላችሁ።

ከውጭ አገር ደንበኛ ጋር በኦንላይን ለምትሠሩ ሒሳቡ ተመሳሳይ ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ይጨመርበታል። ሥራ የሚያገናኙት ድረ ገጾች ኮሚሽን ይቆርጣሉ፤ ብሩ ወደ ባንካችሁ እስኪገባም ሌላ ክፍያ አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር የሚከፈለው ሰው በብር ሲመነዘር የሚያገኘው ጨምሯል። በዶላር የሚከፈሉ ሶፍትዌሮችና ላፕቶፖችም አብረው ተወደዋል። ሥራውን "እሺ" ከማለታችሁ በፊት "ገንዘቡ በምን መንገድ ይደርሰኛል?" የሚለውን መልሱት።

ቅጥር ላይ ሆኖ መዘጋጀት

እስካሁን ያየነው ልቀቁ የሚያሰኝ አይመስልም። ግን ቅጥር ላይ ብቻ መቆየትም የራሱ ሒሳብ አለው። ልጅቷ አለቃዋን ለምና 3,000 ብር ጭማሪ አገኘች እንበል። ደመወዟ ከ14,000 ብር በላይ ስለሆነ ከጭማሪው 35 በመቶ ግብር፣ 7 በመቶ ጡረታ ይወጣል። እጇ የሚገባው 1,740 ብር ነው። ያቺን ለማግኘት ምናልባት አንድ ዓመት ጠብቃለች፤ የቤት ኪራይና የዘይት ዋጋ ግን አልጠበቃትም። ደመወዝ የሚጨምረው ሌላ ሰው ሲወስን ነው፤ የራሱ ሥራ ያለው ዋጋውን ራሱ ይከልሳል። ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

ታዲያ ቅጥሩን እንደ መዘጋጃ መጠቀም ይቻላል። ከደመወዙ ሌላ ሦስት ነገር ይወሰድበታል። አንደኛው ከሙያው ውጭ ያለ ሙያ ነው፦ ዋጋ እንዴት ይቀርባል፣ ውል እንዴት ይጻፋል፣ ከተቆጣ ደንበኛ ጋር እንዴት ይወራል። ዲዛይነሯ ሁልጊዜ ኮምፒውተር ላይ ከምትቀመጥ አልፎ አልፎ ከሽያጭ ሰዎች ጋር ደንበኛ ዘንድ ብትሄድ ይጠቅማታል። ሁለተኛው ስም ነው፤ "ይሄን የሠራችው ማን ናት?" ሲባል የሚጠራ ስም። ሦስተኛው ተጨማሪ ችሎታ ነው። መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በ2016 ዓ.ም. የጀመረው "5 ሚሊዮን ኮደሮች" በነፃ በኦንላይን የሚሰጥ ሥልጠና ነው። ሰርተፊኬቱ ብቻውን ደንበኛ አያመጣም፤ ከያዛችሁት ሙያ ጋር ሲገጥም ግን ዋጋችሁን ከፍ ለማድረግ ያግዛል።

ከዚያ ደግሞ የቅዳሜ ሥራ። በወር አንድ ሁለት የግል ሥራ መያዝ ዋጋችሁን በሰው ገንዘብ መፈተኛ ነው። ውላችሁ ላይ የሚከለክል አንቀጽ እንዳለ አንብቡ፤ የቢሮውን ላፕቶፕና የቢሮውን ደንበኛ ለራሳችሁ አትጠቀሙ። ከተማዋ ሰፊ ብትመስልም በአንድ ሙያ ውስጥ ያለው ሰው ይተዋወቃል፤ ነገ ሥራ የሚልክላችሁ የድሮ አለቃችሁ ሊሆን ይችላል።

መቼ ነው የሚለቀቀው?

እኔ ሦስት መለኪያ አስቀምጣለሁ። የመጀመሪያው ዋጋ ነው። ከላይ ያሰላችሁትን የቀን ዋጋ ዘመድ ያልሆኑ ቢያንስ ሦስት ሰዎች ሳይጨቃጨቁ ከፍለዋል? ካልከፈሉ ወይ ሥራው ገና አልበሰለም፣ ወይ ደንበኛው የተሳሳተ ነው።

ሁለተኛው የሚመላለስ ደንበኛ ነው። ዲዛይነራችን በዓመት 259,800 ብር ማለት በወር ወደ 21,650 ብር ያስፈልጋታል። ይሄን በአንድ አንድ ሎጎ ልሙላው ብትል በየወሩ ስድስት አዲስ ሰው መፈለግ አለባት። የሦስት ድርጅቶችን የሶሻል ሚዲያ ዲዛይን እያንዳንዱን በወር በ7,000 ብር ብትይዝ ግን 21,000 ብሩ ወሩ ሳይጀምር ይታወቃል። ሙያችሁ ምንም ይሁን ምን "በየወሩ የሚከፈል ምን አለው?" ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ስንቅ ነው። የወር ወጪዋ 8,000 ብር ከሆነ የስድስት ወር ስንቅ 48,000 ብር ነው። ከደመወዟ 2,000፣ ከቅዳሜ ሥራ 4,000 ብር ብታስቀምጥ በስምንት ወር ይሞላል። እቁብ ጥሩ መንገድ ነው፤ አንድ ጥንቃቄ ግን አለው። ዕጣው ቀድሞ ከወጣላችሁ የወሰዳችሁት ብር በሙሉ ቁጠባ አይደለም፤ እቁቡ እስኪያልቅ በየሳምንቱ የምትከፍሉት ዕዳ አለበት። ያንን ብር ይዞ በማግስቱ ሥራ መልቀቅ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ነው። ወይ ዕጣው መጨረሻ ላይ ይውጣላችሁ፣ ወይ ቀሪውን መዋጮ ከስንቁ ቀንሱ።

ሦስቱ ከተሟሉ ስትወጡ በሕጉ ውጡ። የሙከራ ጊዜያችሁን ከጨረሳችሁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ። ያልወሰዳችሁት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል። አሠሪው የሥራ ልምድ ደብዳቤ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ የሚገባችሁን ክፍያም ውሉ ከተቋረጠ ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት። ደብዳቤውን ሳትይዙ አትውጡ፤ የመጀመሪያው ትልቅ ደንበኛ ሊያየው የሚፈልገው እሱን ሊሆን ይችላል።

ካልተሟሉስ? ቅጥር ላይ ቆይቶ ማደግም፣ የተሻለ የሚከፍል መሥሪያ ቤት መቀየርም ሙሉ ሕይወት ነው፤ ቲክቶክ ላይ የሚናገረው ሰው የእናንተን የቤት ኪራይ አይከፍልም። አሁን ይሄን ያነበባችሁበት ስልክ ካልኩሌተር አለው። የእኔን ቁጥሮች አውጡና የራሳችሁን አስገቡ፦ ያልተጣራ ደመወዝ፣ 11 በመቶ፣ ወጪ፣ በዓመት የሚከፈላችሁ ቀን። የሚወጣውን ቁጥር ጻፉትና በሚቀጥለው ቅዳሜ ለሚመጣው ደንበኛ ጥሩት። "ውድ ነው" ካለ ለምን እንደሚል ጠይቁት። "እሺ" ካለ ደግሞ ቀብዱን ተቀበሉ።